ለኢሜይል መነሻ ፕሮፋይል አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በየመሥሪያ ቤቱ ለሚሠሩ የአይሲቲ ባለሙያዎችና ለኃላፊዎቻቸው

ጉዳዩ፦ የኢሜይል መነሻ ፕሮፋይልን ከአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር እየገለበጡ ማደል እንዲቀር ስለመጠየቅ

በመሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ወይም አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ የኢሜይል ፕሮግራሙ ምን መልክ ይዞ እንደሚከፈት አስቀድሞ የሚወስነው መነሻ ፕሮፋይል ነው። መነሻ ፕሮፋይል ማለት የአካውንቱን ስም፣ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የፊደሉን ዓይነት፣ ከመልእክቱ ግርጌ የሚገባውን የላኪ መግለጫ፣ የሰዓቱን አቆጣጠርና የመልእክቱን ማስቀመጫ በአንድነት የያዘ የቅንብር ስብስብ ሲሆን፣ አብዛኛው ሠራተኛ የተሰጠውን ሳይነካ ስለሚጠቀምበት ለዓመታት ባለበት ይቆያል። ስለዚህም ቅንብሩ ተራ የቴክኒክ ዝርዝር ቢመስልም በተግባር የመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት ሥርዓት ነው፤ ይህ ደብዳቤ የሚነቅፈውም ሥርዓቱ ኃላፊዎች ሳይመክሩበት ለፕሮግራሙ አምራች ምርጫና ለባለሙያው ጥድፊያ መተዉን ነው።

በብዛት የሚታየው አሠራር፣ ባለሙያው አንድ ኮምፒውተር አስተካክሎ ሲያበቃ የፕሮፋይሉን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ለቀሩት ማደል ነው። ጊዜ መቆጠቡ አይካድም። ነገር ግን ለምሳሌ ሞዚላ ተንደርበርድ በተባለው ፕሮግራም የፕሮፋይል ፎልደር ውስጥ ከቅንብሩ ሌላ የአድራሻ ደብተሩ፣ የወረዱት መልእክቶች፣ እንዲሁም የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች ከነመፍቻ ቁልፋቸው አብረው ይገኛሉ፤ እነዚህን የሚሸፍን ዋና የይለፍ ቃል ካልተበጀ ደግሞ ፎልደሩ የደረሰው ሰው ሁሉ ቃሎቹን ከፕሮግራሙ የቅንብር ገጽ ላይ ሊያነባቸው ይችላል። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ሲጠቀምበት የቆየ ፕሮፋይል ለአሥር ሰው ሲታደል የመልእክት ሳጥኑ ቁልፍም ለአሥር ሰው ታደለ ማለት ነው። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ፣ ነገሩ ከግድየለሽነት አልፎ የሕግ ጥያቄ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ የጤና ሥራ ማዕከል በሆነችው ጎንደር የሕሙማን ጉዳይ በኢሜይል ሊያልፍ ስለሚችል ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን ይገባዋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን መልእክቱ የማን ነው የሚለው ነው። በወረቀቱ ሥርዓት ደብዳቤ የሚጻፈው ለጽሕፈት ቤት ነው፤ ሲገባ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፣ ከዚያም ከፋይሉ ጋር ይያያዛል፤ ኃላፊው ቢዛወር ወይም ቢነሣ ፋይሉ ከመደርደሪያው አይነቃነቅም። ፕሮፋይሉ በሠራተኛው የግል ጂሜይል ሲዘጋጅ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የተዛወረ ቡድን መሪ የመሥሪያ ቤቱን መጻጻፍ በስልኩ ይዞት ይሄዳል፣ ተተኪውም ከባዶ ይጀምራል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ዞኖች እንደተከፈለው ሁሉ የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት በሚለዋወጥበት አገር፣ ፋይል ተቆጥሮ መረከብ ሲቻል በግል አካውንት ውስጥ ያለ መልእክት የሚረከበው አይኖርም።

የሰዓቱ ቅንብር በቅርበት ሲታይ ጥፋቱ እንዴት እንደሚከተል በግልጽ ያሳያል። በዊንዶውስ ዝርዝር የኢትዮጵያ ሰዓት የሚገኘው በናይሮቢ ስም ስለሆነ፣ አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣ ባለሙያ ዊንዶውስ ሲጫን የመጣውን የአሜሪካ ፓሲፊክ ሰዓት እንዳለ ትቶ የማሳያውን ሰዓት ብቻ በእጅ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተሩ ታዲያ ትክክል መስሎ ይታያል፤ ኢሜይል ግን ሰዓቱን ከዓለም አቀፉ አቆጣጠር ልዩነት ጋር አያይዞ ስለሚልክ፣ ጠዋት 3 ሰዓት የወጣ ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት የተላከ ሆኖ ይታያል። በጨረታ መዝጊያ ቀን እንዲህ ያለ ልዩነት ምን ክርክር እንደሚያስነሣ ለግዥ ክፍሎች መንገር አያሻም። የስሙም ነገር እንዲሁ ነው፤ የቤተሰብ ስምን እንዲያስቀድም የተቀመጠ ፕሮፋይል አበበ ከበደን «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ስለሚያሳየው፣ ከውጭ የሚመጣው መልስ ለአባትየው የተጻፈ ይመስላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ማለትም ዓለም በጋራ በሚጠቀምበት የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ መነሻው ከዚያ በፊት በነበረው ስልት የተሠራ ፎንት ከሆነ ያው ፎንት የሌለው ተቀባይ የሚያየው የላቲን ፊደላት ትርምስ ነው።

የመልእክቱ ማስቀመጫም የአካባቢውን ሁኔታ ማገናዘብ አለበት። ፖፕ 3 የሚባለው ስልት መልእክቱን ወደ አንድ ኮምፒውተር አውርዶ ከሰርቨር እንዲያጠፋው ሊደረግ ስለሚችል የዚያ ኮምፒውተር ዲስክ ሲበላሽ ሁሉም ይጠፋል፤ አይማፕ ግን ዋናውን በሰርቨር ትቶ ቅጂውን በኮምፒውተሩ ያኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ተገቢው መነሻ ቅጂውን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያቆይና ግንኙነት ሲመለስ ወጪውን የሚልክ አይማፕ ነው።

ባለሙያዎች ቁጥራቸው አነስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ብዙ መሆኑ የሚቀርብ መከራከሪያ ነው፤ እውነትም አለው። ሆኖም ጊዜ የሚቆጥብ መንገድ መገልበጥ ብቻ አይደለም፤ ተንደርበርድም ሆነ አውትሉክ ቅንብሩን ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ራሳቸው እንዲያነቡ ማድረግ የሚቻል ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ ሠራተኛው ስሙን፣ አድራሻውንና የራሱን የይለፍ ቃል ሲያስገባ ቀሪው የአካውንት ቅንብር ይሟላለታል። አንድ ጊዜ የተደከመበት የቅንብር ፋይል የማንንም ምሥጢር ሳይዝ ለሁሉም ያገለግላል።

ስለዚህ የሚጠየቀው አራት ነገር ነው፦ አንደኛ፣ ሰው የተጠቀመበት ፕሮፋይል እንዳይገለበጥና እስካሁን የተገለበጠበት ቦታ ሁሉ የይለፍ ቃሉ እንዲቀየር፤ ሁለተኛ፣ የሥራ መጻጻፍ በኃላፊነት ስም በተከፈተና በርክክብ ሰነድ በሚተላለፍ አካውንት እንዲሆን፤ ሦስተኛ፣ ስም፣ ሰዓት፣ ፊደልና ማስቀመጫ በአንድ ገጽ መመሪያ ተጽፈው በኃላፊ እንዲፈረሙ፤ አራተኛ፣ ይህን መመሪያ የአይሲቲው ባለሙያ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ እንዲያዘጋጀው፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት