ዘበኛው የማያነበው ማስታወቂያ

ባለፈው ሰሞን ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ እጁን አወጣና «መምህር፣ ፎቶግራፍ ለመቀበል የተሠራ መስኮት እንዴት ቤት ያስዘርፋል?» ሲል ጠየቀኝ። ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣውም። ትምህርት ቤታችን ለምዝገባ የሚያስፈልገውን ጉርድ ፎቶግራፍና የልደት ማስረጃ ተማሪው ራሱ በድረ ገጹ ላይ እንዲጭን አዝዞ ነበርና፣ ልጁ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚገባ ለማወቅ መፈለጉ ተገቢ ነው። ደወል ስለ ተደወለ «ሳምንት እንነጋገርበታለን» ብዬ ወጣሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። ድረ ገጽ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ገጹን የሚያሰናዳው ሰው ሁሉንም ክፍል በገዛ እጁ አይሠራውም፤ ቤት የሚያሠራ ሰው በርና መስኮቱን ከአናጢ ገዝቶ እንደሚያስገጥም፣ እርሱም ሌሎች የሠሯቸውን ፕለጊን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ወስዶ ይሰካል። ፋይል የሚቀበለውም መስኮት ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

አደጋው የት ላይ እንዳለ ለማየት ወደ አንድ መዝገብ ቤት ጎራ እንበል። ጸሐፊው ደብዳቤ ሲደርሰው ቁጥር ሰጥቶ በቦታው ያኖረዋል እንጂ፣ በውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ ሁሉ ተነሥቶ አይፈጽምም። ሰርቨር ግን እንዲህ ያለ ማስተዋል የለውም። ፎቶግራፍ ቢሆን ያሳያል፤ የስሙ መጨረሻ «ነጥብ ፒኤችፒ» የሆነ ፋይል ግን፣ በዚህ ቋንቋ በሚሠሩ ሰርቨሮች ዘንድ፣ ትእዛዝ ነው። አድራሻውን የጠራ ሰው ሲመጣ ሰርቨሩ ጽሑፉን በማሳየት ፈንታ የተጻፈውን ይፈጽማል። ስለዚህ አንድ የማይታወቅ ሰው በፎቶግራፍ መስኮት እንዲህ ያለውን ፋይል አስገብቶ፣ ጥቂት ቆይቶም ቢጠራው፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ አለቃ እርሱ ነው። የተማሪው ስም፣ የልደት ቀን፣ የወላጁ ስልክ ያለበትን መዝገብ የሚከፍተውን የይለፍ ቃል ያነባል፤ ቢፈልግ ይገለብጣል፤ ቢፈልግ ያጠፋል።

«ታዲያ ፎቶግራፍ ብቻ ተቀበል ተብሎ አይታዘዝም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይታዘዛል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ላኪው ራሱ ስለ ፋይሉ የተናገረው ቃል ነው። ፖስታ ላይ «የሠርግ ጥሪ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ማንንም አይቸግርም።

ከዚህ ዓይነት ታሪኮች ሁሉ እኔን ያስገረመኝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 የተገለጸው ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሰባስቲያን ቻን የተባለ ፕሮግራም ሠሪ «ጄኩዌሪ ፋይል አፕሎድ» የሚባል ፕለጊን ሠርቶ ለሁሉ በነጻ ሰጥቶ ነበር። ፕለጊኑ ብዙ ዓይነት ፋይል ይቀበላል። ጥበቃው የተመካው ግን ፋይሎቹ በሚጠራቀሙበት ማኅደር ውስጥ በተቀመጠች «ኤችቲአክሰስ» በምትባል አጭር ጽሑፍ ላይ ነበር። ጽሑፏ በር ላይ እንደሚለጠፍ ማስታወቂያ ናት፤ በዚህ ክፍል ያለ ማናቸውም ነገር እንደ ትእዛዝ አይፈጸም ትላለች። ማስታወቂያዋን አንብቦ የሚያስከብረው ዘበኛ ደግሞ አፓቼ የተባለው የታወቀ የሰርቨር ፕሮግራም ነው።

ይሁን እንጂ አፓቼ በ2010 በ2.3.9 እትሙ ልማዱን ለወጠ። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ በግልጽ ካልፈቀደለት በቀር በየማኅደሩ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ተወ። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ የየክፍሉን በር እያዩ ማንበብ ሥራ ያዘገያል፤ ደግሞም ማንም በየክፍሉ የለጠፈው ወረቀት ዋናውን መመሪያ እንዳይሽር ማድረግ አስተዋይነት ነው። ማስታወቂያዋ ግን በበሩ ላይ እንደ ተለጠፈች ቀረች። የለጠፋት ሰው ዘበኛው የሚያነባት መሰለው። ስምንት ዓመት በዚሁ አለፈ።

በመጨረሻ ላሪ ካሽዶላር የተባለ የአካማይ ኩባንያ ተመራማሪ ነገሩን ደርሶበት ለሠሪው አስታወቀ። ሲመረምር ግን በዚያ በር እንዴት እንደሚገባ የሚያስተምሩ ከዓመታት በፊት የተሠሩ ፊልሞች በዩቲዩብ ላይ አገኘ፤ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ሌቦቹ ትምህርት ቤት ከፍተው ኖረዋል ማለት ነው። ሠሪው ግን ስሕተቱን አምኖ ወዲያው አረመ፤ ከዚያ በኋላ ፕለጊኑ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የሚቀበለው የታወቁ የሥዕል ዓይነቶችን ብቻ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ፕለጊኑን ሌሎች ሰዎች 7,800 ጊዜ ያህል ገልብጠው በየራሳቸው ሥራ ውስጥ አስገብተውት ነበር። ካሽዶላር ከቅጂዎቹ 1,000 ያህሉን ቢመረምር ከአደጋው ነጻ ሆነው ያገኛቸው 36 ብቻ ናቸው። እኔ አስተማሪ ነኝና ይህ አይደንቀኝም። ከጓደኛው የሚገለብጥ ተማሪ ስሕተቱንም አብሮ ይገለብጣል፤ የሚብሰው ግን ጓደኛው በኋላ ስሕተቱን ሲያርም ገልባጩ አለመስማቱ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2020 ሌላ መጣ። «ፋይል ማኔጀር» የተባለው የዎርድፕረስ ፕለጊን ከ700,000 በሚበልጡ ድረ ገጾች ላይ ተሰክቶ ነበር። በውስጡ ከሌላ ሥራ የተወሰደ አንድ የናሙና ፋይል አለ፤ በመጀመሪያ ስሙ የሚያልቀው በማይፈጸም ቃል ስለ ነበር ጉዳት አልነበረውም። የፕለጊኑ ሠሪዎች የስሙን ጫፍ ወደ ፒኤችፒ ለወጡትና እንዲሁ ለሕዝብ ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ማንም ማን ነህ ሳይባል ፋይል ማስገባት ቻለ። ሴራቮ የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ መስከረም ከመግባቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1፣ ነገሩን ሲደርስበት ጥቃቱ ጀምሮ ነበር፤ ማረሚያው 6.9 እትምም በዚያው ቀን ወጣ። የሚያስቀው፣ አንዳንዶቹ ወራሪዎች ከገቡ በኋላ ሌላ ሌባ እንዳይከተላቸው ያንኑ ፋይል በይለፍ ቃል ቆልፈውበታል። ከባለቤቱ ይልቅ ሌባው ቁልፍ ገዛ!

አሁን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመርከው ወንድሜ አንድ ነገር ልበልህ። ለመሥሪያ ቤትህ ድረ ገጽ ሲሠራ ከስብሰባው ጥግ ተቀምጠህ ከሆነ ስለ ገጹ ቀለም የሚከራከር አይጠፋምና ለእነርሱ ተውላቸው። አንተ የተቀበልናቸው ፋይሎች የሚቀመጡት የት ነው ብለህ ጠይቅ። ደኅናው ቦታ ከድረ ገጹ ማኅደር ውጭ፣ ማንም በአድራሻ ሊጠራው በማይችልበት ነው። ይህ ባይቻል፣ በዚያ ማኅደር ውስጥ ምንም ነገር እንዳይፈጸም የሚከለክለው ትእዛዝ በዋናው የሰርቨሩ መመሪያ ውስጥ ይግባ እንጂ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት አይታለፍ። የመጣው ፋይል ስም ይለወጥ፤ የማይሠራበት ፕለጊን ይነቀል፤ የሚሠራበትም ማረሚያው በወጣ ቀን ይታደስ። ማን ያድሰዋል የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ገጹን የሠራው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ይህን ሥራ የእኔ ነው የሚል ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ሰኞ ዕለት ለርእሰ መምህሩ ነግሬ፣ ፈቃድም ተቀብዬ፣ ድረ ገጹን ከሚጠብቀው ሠራተኛ ጋር ተቀመጥን፤ ጠያቂውም ልጅ ከኋላችን ቆመ። 5ን ከ7 ጋር ደምር ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የሌለበት ፋይል ጻፍንና፣ ስሙን በፒኤችፒ አስጨርሰን፣ በፎቶግራፉ መስኮት ጫንነው። መስኮቱ ተቀበለው። ቀጥሎ አድራሻውን ጠራነው። የተጻፈው መስመር እንዳለ ቢታይ፣ ወይም አይቻልም ቢለን፣ ደግ ነበር። በነጩ ገጽ ላይ የወጣው ግን 12 የሚል ቁጥር ነው። ሠራተኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየውና ስልኩን አነሣ። ከቀትር በኋላ መስኮቱ ተዘጋ፤ ልጁም የልደት ማስረጃውን በፖስታ አድርጎ ለመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ በእጇ ሰጣት።