በሦስት ስክሪን የተነገረ ታሪክ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፡፡ በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች የተቃኘ ጆሮ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲመጣ አይደነግጥም፤ ከሰሙ ሥር ወርቁን ይፈልጋል፡፡ ወደ ቅርብ ዘመን ታሪካችን ስንመጣ ግን ይህ ትዕግሥት ይከዳናል፡፡ ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ስንነጋገር «ጀግና» እና «ከሃዲ» ከሚሉት በቀር ቃል ያጣን እንመስላለን፡፡ የሳሌም መኩሪያ ሥራዎች ለዚህ ጉድለታችን ማረሚያ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ፡፡

ሳሌም ኑሯቸውን በአሜሪካ የመሠረቱ ፊልም ሠሪና የምስል ጥበብ ባለሙያ ናቸው፡፡ በቦስተን የ«ኖቫ» የሳይንስ ዘጋቢ ፊልሞች ዝግጅት ላይ ሠርተዋል፤ በዌልስሊ ኮሌጅም ለረዥም ዓመታት አስተምረዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «ስደት» በሱዳን የተጠለሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶችን ሕይወት አሳዩ፡፡ የሃርለም ህዳሴ ደራሲ የነበረችውን የዶሮቲ ዌስትን ሕይወትም በፊልም ተርከዋል፡፡ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሠሩት «የወንዝ ማዕበል» ግን ወደ ራሳቸው ቤት የተመለሰ ነው፤ ደብዛው ለጠፋ ወንድማቸውና ለተገደለች የልብ ጓደኛቸው የቆመ መታሰቢያ፡፡

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ከሲኒማ አዳራሽ ወደ ሥዕል አዳራሽ አመራ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ የቀረበው ሥራቸው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ጎን ለጎን በቆሙ ሦስት ስክሪኖች ነው፡፡ ይህ አቀራረብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ በአብያተ ክርስቲያናታችን ያሉት ባለ ሦስት ገበታ ተከፋች ሥዕሎች እመቤታችንን ከመካከል፣ ቅዱሳንን ከግራና ከቀኝ አድርገው ዓይናችንን ሲያመላልሱት ኖረዋል፡፡

ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ወደ ሥዕል አዳራሽ ሲገባ ከሕዝብ ሸሸ የሚሉ አሉ፡፡ እኔ እንዲህ አላይም፡፡ አንድ ስክሪን የነገሩን ቅደም ተከተል ወስኖ ይሰጠናል፤ ሦስቱ ግን የቱን እንደምናይ፣ የቱንስ እያለፍን እንደሆነ ይጠይቁናል፡፡ ፍርዱን ለተመልካቹ ኅሊና ይተዉለታል፡፡ የተቀበረ ሐዘን ላለበት አገር ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ አነጋገር አላውቅም፡፡

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፡፡ ፊልም በአንድ ዲስክ ተይዞ የትም ይደርሳል፤ ባለ ሦስት ስክሪን ሥራ ግን ጨለማ ክፍል፣ ሦስት ፕሮጀክተርና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል፡፡ ለታሪኩ ባለቤቶች ይበልጥ የሚገባው ቅርጽ፣ ወደ እነርሱ ለመድረስ ይበልጥ የሚከብደው ሆነ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል፡፡ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ባሕር ዳርም አለ፤ አዳራሽ አልጠፋም፡፡ ያን ዘመን ያለፉ እናቶችና አባቶች በዕድሜ እየገፉ ነው፡፡ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሦስቱን ስክሪን የሚያዩበት አንድ ጨለማ ክፍል ብናዘጋጅላቸው፣ ለዓመታት ያልተነገረው ነገር መነገር ይጀምር ይሆናል፡፡