የባሕር አንቀልባ

«የልጅ እናት ሆነሽ ከባሕር ሥር ምን ጠፍቶብሽ ነው የምትወርጂው?» አለችኝ እናቴ። ቃሊቲ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ የቡናው ቶና እየተቀዳ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ለሥራ ጂቡቲ ሄጄ ሳለ ከዓመት ፈቃዴ 4 ቀን ወስጄ የስኩባ ጀማሪዎችን ትምህርት ተማርኩ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርኮች ይመጣሉ፤ ግዙፍ ቢሆኑም የሚበሉት ደቃቅ የባሕር ፍጥረት ነው። እኔን ግን ከዓሣው ይልቅ የለበስኩት ጃኬት ሲያሳስበኝ ዋለ። የተከራየሁት ለትልቅ ሰው የተሰፋ ነበር። ውኃው ላይ ስነፋው ሽቅብ ወጥቶ ጆሮዬን ይሸፍነዋል፤ ስወርድ ደግሞ ሲሊንደሩ ጀርባዬ ላይ ግራና ቀኝ ይዋልላል። ልጄን በላላ አንቀልባ አዝዬ ዳገት የወጣሁ ያህል ደክሞኝ ተመለስኩ።

ባለቤቴ «ከሄድሽ በራስሽ ዕቃ ሂጂ» አለኝ። ለፋሲካ ከውጭ የሚመጣው ወንድሜም «ምን ላምጣልሽ?» ሲለኝ መምረጥ ጀመርኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «ለሁሉም ልክ የሚሆን» የሚለው አባባል ለማን እንደሚመች አውቃለሁ፤ ለሻጩ ነው።

የመረጥኩት ባክፕሌትና ዊንግ የሚባለውን ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ዋሻ የሚጠልቁ ሰዎች በራሳቸው እጅ ሠርተው ያስፋፉት፣ ዛሬ ተራው ጠላቂም የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ሦስት ናቸው፦ ጀርባ ላይ የሚያርፍ የብረት ሳህን፣ በሳህኑ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፍ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍር፣ በሳህኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባ አየር የሚሞላ ከረጢት። ከረጢቱ ዊንግ ይባላል፤ ክንፍ ማለት ነው። ጃኬት በስሞል፣ በሚዲየምና በላርጅ ይሸጣል፤ የዚህን ጠፍር ግን በገዛ አካላችን ለክተን እናስረዋለን።

ሳህኑ ከማይዝግ ብረት ወይም ከአልሙኒየም ይሠራል። የብረቱ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ፣ የአልሙኒየሙ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወፍራም የጠለቃ ልብስ ለሚለብስ ሰው የብረቱ ክብደት ከወገቡ ላይ እርሳስ ይቀንስለታል። የጂቡቲ ውኃ ግን ሞቃት ነው፤ ልብሴም ስስ ነው። ችግር ቢመጣ የወገብ እርሳስ ፈትቶ መጣል ይቻላል፤ የጀርባ ሳህን ግን አይጣልም። ስለዚህ አልሙኒየሙን አስመጣሁ፤ ለሻንጣም ይቀላል።

ዊንግ ላይ ትልቁ የተሻለ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለአንድ ሲሊንደርና ለስስ ልብስ 13 ወይም 14 ኪሎ የሚያነሳ ይበቃል። ባለ 11 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻ 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ልብሱም ጥልቀት ላይ ሲጨመቅ የማንሳፈፍ ኃይሉን ያጣል። ዊንጉ ይህን ማካካስ፣ ዕቃውንም ብናወልቀው ውኃ ላይ ማቆየት አለበት። ከመጠን በላይ ሲተልቅ ሲሊንደሩን እንደ እንጀራ ይጠቀልለዋል፤ አየሩም በቀላሉ አይወጣም። ደግሞም ዊንግ የነፍስ አድን ጃኬት አይደለም፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ ያዞርልኛል ብላችሁ አትተማመኑበት።

ዕቃው የመጣ ዕለት የጠለቃ ልብሴን ለብሼ ሳሎን ውስጥ ታጠቅሁት፤ ጠፍሩ በቲሸርት ላይ አይለካምና። እጄን በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ስሰድ የሳህኑን የላይኛው ጠርዝ መንካት ቻልኩ፤ ቁመቱ ልክ ነው ማለት ነው። ቆማ ስታይ የነበረችው እናቴ ግን አላስቻላትም። «እንዲህ ላልቶ ይታዘላል?» ብላ የትከሻውን ጥርቅም አድርጋ አጠበቀችው። አራት ልጅ በአንቀልባ ያሳደገች ናት። «በይ እስቲ አውልቂው» አለችኝ። እምቢ አለኝ። ክንዴ ተይዞ ስታገል አይታ ሳቀች፤ ከዚያ «ማውረድ ካልተቻለ ምኑን አንቀልባ ሆነ?» ብላ መልሳ አላላችው።

ትክክለኛው ልክ ያ ነው። መዳፋችን ደረታችን ላይ ከጠፍሩ ሥር ሳይጨናነቅ መግባት፣ ዕቃውንም ያለ ረዳት ማውለቅ መቻል አለብን። ሽቅብ እንዳይወጣ የሚይዘው የትከሻው መጥበቅ ሳይሆን የወገቡ ቀበቶና በእግሮች መካከል የሚያልፈው ጠፍር ነው። የወገቡን ዘለበት በአንድ እጅ መክፈት ተለማመዱ። ትርፉን ጠፍር ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ ጥልቀት በሌለው ውኃ ከአስተማሪ ጋር ሞክሩት።

«መቼ ትመለሻለሽ?» ስትለኝ አንድ ቀን ጨምሬ ነገርኳት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። ከጠለቁ በኋላ ወዲያው ከፍታ መውጣት ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ እንዲሠራና ሰውን እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። አንድ ጊዜ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ይመከራል። በባቡር ወይም በመኪና ቢመጡም ዳገቱ ያው ዳገት ነው።

እናቴ እስካሁን «ሂጂ» አላለችኝም። ትናንት ግን የወገቡን ዘለበት በአንድ እጇ ስትከፍትና ስትዘጋ አገኘኋት።