ሌሊቱ ለብቻው ይቆጠር



ይህን የምጽፍልዎ ከነቀምቴ ነው። የከተማዋ ባኬ ጃማ ሰፈር በጊዜ ቤቱ ይገባል። ባጃጁ ሲጠፋ፣ ሱቁ ሲዘጋ ግን አዋላጇ አዳር ትገባለች፣ ዳቦ ቤት ሊጥ ይቦካል፣ ዘበኛውም በር ላይ ነው። የእርስዎ እንቅልፍና የጠዋት ዳቦዎ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን 1.75 እጥፍ ያስከፍላል። ሌሊት የሠራ ሁሉ ይህን የሚያገኝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ክፍያው ግን ለትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። በፈረቃ ተመድቦ 8 ሰዓቱን ሌሊት የሚጨርስ ሠራተኛ፣ ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ካልጨመረለት፣ የሚከፈለው ቀን ከሠራው ባልደረባው እኩል ነው። በግል ቤት የተቀጠረውን ዘበኛማ አዋጁ ጭራሽ አያውቀውም።

ሌሊትን ከቀን እኩል መክፈል ትክክል አይደለም። አዋጁ ራሱ ነፍሰ ጡሮችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በእነዚያ ሰዓታት እንዳይሠሩ ይከለክላል፤ ሌሊት እንደሚጎዳ አምኗል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ብሎ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች መካከል የመደበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ ችግሩ ግን ያው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ ነበር። ወለጋ ላይ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ሸክም ብሶ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ላይ እኩለ ሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት የተቀበለች አዋላጅን ያስቧት፦ ሐኪሙን ከቤቱ መጥራት፣ አምቡላንስ ማዘዝ የምትችለው ሰው በመላክ ብቻ ነበር። ያን ሌሊት ከቀን ሥራ እኩል የሚቆጥር የደመወዝ ሠንጠረዥ ሊኖር አይገባም።

አሠሪ ከሆኑ፣ ሕጉ እስኪሻሻል አይጠብቁ፤ በሚቀጥለው የሥራ ውል ላይ የሌሊት አበል ያስገቡ፣ ከአዳር ለሚወጣ ሠራተኛም በቂ እረፍት ይስጡ። ሠራተኛ ከሆኑ በኅብረት ስምምነቱ ድርድር ላይ ይጠይቁት። ዘበኛ የቀጠሩ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ወር ጀምረው ይጨምሩለት።