ሁለት መስመር፣ አንድ ራስ ምታት



የዚህ እትም ዋና ርዕስ ፖሊሲ ቤዝድ ራውቲንግ (የትኛው ዳታ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ በደንብ መወሰን) በትንንሽ ቢሮዎች የሚያስከትለው ጣጣ ነው። «ሒሳብ ክፍል በፋይበር፣ የእንግዶች ዋይፋይ በ4ጂ ይውጣ» ብሎ ራውተሩን ማዘዝ ቀላል ነው፤ መዘዙ የሚመጣው በኋላ ነው። ፋይበሩ ውጭ ሲቆረጥ የራውተሩ ፖርት መብራት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። መስመሩን በየጊዜው የሚፈትሽ ትእዛዝ ካልተጨመረ፣ ራውተሩ የሒሳብ ክፍሉን ዳታ ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል፤ 4ጂው እየሠራ ሒሳብ ክፍል ሥራ ይፈታል። ማይክሮቲክ ራውተር ላይ ደግሞ ፋስትትራክ (ፓኬቶችን የሚያፈጥን አቋራጭ) እንደበራ ከተተወ ፓኬቶቹ ደንቡን ዘለው ያልፋሉ። የራውቲንግ ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ባለሙያ ችግሩን አያገኘውም።

ለትንሽ ቢሮ አንድ ዋና መስመርና አንድ መጠባበቂያ ይበቃል። ደንብ የግድ ካስፈለገ ምክንያቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ነገ ራውተሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።



አዘጋጁ