መስታወቱ አልወጣ ያለ እንደሆነ

ዛሬ የምንነጋገረው በኤሌክትሪክ ስለሚወጣውና ስለሚወርደው የመኪና መስታወት ነው። ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲበላሽ ግን ክረምት ከሆነ ዝናብ፥ በጋ ከሆነ አቧራ፥ ሌሊት ከሆነ ሌባ በዚያው ቀዳዳ ይገባል።

«እኛ ደግሞ መኪና ከየት አምጥተን!» የምትሉ ብዙዎች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። የተማሪ ኪስና የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ አስተማሪ የሆነ ሰው አይስተውም። ነገር ግን ዛሬ መኪና የሌላችሁ ነገ የመሥሪያ ቤት መኪና ተረክባችሁ ወደ ወረዳ ትወርዳላችሁ፤ ወይም የመለዋወጫ ግዥ ወረቀት ቀርቦላችሁ ትፈርማላችሁ። «የቀኝ በር የመስታወት ሞተር ይገዛ» ከሚል ጽሑፍ በታች ስሙን የሚያኖር ሰው፥ የሞተሩ መቃጠል በምን እንደ ታወቀ መጠየቅ ካልቻለ የሕዝብ ገንዘብ ያለ ጠባቂ ይወጣል። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፥ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪናዎች እየጠገኑ ማኖር ግድ ሆኗል።

በደጋው ጎጃም ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቧ አይጠገብም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ወደ እኛ የተጓዘ ሰው የቀረውን ያውቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ ስለሚበረታ መስታወቱን ሁሉ ያወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ብርዱ ይቀበለውና መልሶ ያወጣል። ሙቀት፥ አቧራና ብርድ በአንድ ቀን ይፈራረቁበታል። ደክሞ የቆየ መስታወት የሚለግመው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ለመሆኑ በበሩ ሆድ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ነገሩ አዲስ አይደለም። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ሠሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ሞዴል መኪናዎቹ ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ መስታወት አቀረበ፤ ክራይስለር ደግሞ በ1951 በኢምፔሪያል መኪናው ላይ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራውን አወጣ። ያን ጊዜ የባለጸጋ ቅምጥልነት የነበረው ዛሬ በማናቸውም ታክሲ ላይ ይገኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከባትሪው የተነሣው ኤሌክትሪክ በፊውዝ በኩል አልፎ ወደ ማብሪያው፥ ከማብሪያውም በበሩ ማጠፊያ አጠገብ ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ በሚያልፈው ሽቦ ወደ ሞተሩ ይደርሳል። ሞተሯ ትንሽ ናት፤ በ12 ቮልት ትሠራለች። ኤሌክትሪኩ በአንድ ወገን ሲገባ ወደ ቀኝ፥ ተገልብጦ ሲገባ ወደ ግራ ትዞራለች፤ መስታወቱም እንደዚያው ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሞተሯ የምትነዳው ማንሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ክንድ አለው፤ ሁለተኛው በቀጭን የብረት ገመድ ይሳባል። የገመዱ ዓይነት ክብደቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ይፈታተላል፥ መስታወቱን የሚይዘው ፕላስቲክም ይሰበራል። በሞተሩ ጫፍ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ሌላውን ጥርስ ይነዳል እንጂ በሌላው አይነዳም። ደኅና መስታወት በእጅ ቢጫኑት ቁልቁል የማይሄደው ስለዚህ ነው። በመዳፍ ሲገፋ የሚወርድ ከሆነ ግን ማንሻው ተበጥሷል ማለት ነው።

አንድ ባልደረባዬ በዕቁብ ገንዘብ አሮጌ ኮሮላ ገዛ። በሐምሌ ወር የቀኙ በር መስታወት አጋማሹ ላይ ቆሞ ቀረ። መኪናውን የወሰደበት ጋራዥ በሩን እንኳ ሳይገልጥ «ሞተሩ ተቃጥሏል» አለው። ሞተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ በመስኮቱ ላይ ላስቲክ ለጥፎ ሁለት ሳምንት በዝናብ ተመላለሰ። ሞተሩ መጥቶ ተገጠመ፤ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ በማጠፊያው አጠገብ ያለውን የጎማ ቱቦ ገልጦ ቢያይ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ አገኛት። ሥራው የስንዝር ሽቦና የናስትሮ ሥራ ነበር። አሮጌውም ሞተር በባትሪ ሲሞከር ያለ ችግር ዞረ። ባልደረባዬ የከፈለው ያልተጠየቁ ጥያቄዎችን ዋጋ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እንግዲህ ጥያቄዎቹን በተራቸው እንያቸው።

የመጀመሪያው፦ የለገመው አንዱ መስታወት ነው ወይስ ሁሉም? አራት ሞተሮች ተማክረው በአንድ ሌሊት አይሞቱም። ሁሉም ከለገሙ ጥፋቱ በጋራ ከሚጠቀሙበት ዘንድ ይፈለጋል፤ ይኸውም ፊውዙ፥ ሪሌዩ ወይም በሾፌሩ በር ላይ ያለው ዋና ማብሪያ ነው። የሾፌሩ ብቻ እየሠራ ሌሎቹ እምቢ ካሉ ደግሞ በሾፌሩ በር ላይ ያለችውን የመቆለፊያ ቁልፍ እዩ። ሕፃናት በመስታወቱ እንዳይጫወቱ የተሠራች ናት፤ ሳይታወቅ ስትነካ የሌሎቹን በሮች ማብሪያ ታግዳለች። በአንድ ጣት የሚድን በሽታ ይህ ነው። ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ በተመሳሳይ ቁጥር ፊውዝ ብቻ ይተካል። በምትኩ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ወይም ከፍ ያለ ቁጥር መክተት መኪናን በእሳት ማስበላት ነው። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ከብረት ጋር ተነካክቷል፥ ወይም ሞተሩ ተይዟልና ምክንያቱ ይፈለግ።

ሁለተኛው፦ ከሌላ ማብሪያ ይሠራልን? የተሳፋሪው መስታወት ከራሱ በር ማብሪያም ከሾፌሩ በኩልም ይታዘዛል። ከአንዱ እየሠራ ከሌላው እምቢ ካለ ሞተሩም ማንሻውም ደኅና ናቸው፤ የታመመው እምቢ ያለው ማብሪያ ወይም የእርሱ ሽቦ ነው።

ሦስተኛው የጆሮ ጥያቄ ነው። ሬዲዮውን አጥፉና ማብሪያውን እየተጫናችሁ አድምጡ። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ፥ ወይም የገመድ መንኳኳትና መፋተግ ከተሰማ፥ የተሰበረው ማንሻው ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ የመኪናውን መብራት አብርታችሁ ማብሪያውን ስትጫኑ የዳሽቦርዱን መብራት ተመልከቱ። ጥቂት ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ዘንድ ደርሷል፤ ሞተሩ ግን መዞር አቅቶታል። መብራቱ ካልተለወጠ ኤሌክትሪኩ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው፦ መስታወቱ ጭራሹን ቆሟል ወይስ ሰንፏል? ጧት በብርድ እያቃሰተ፥ ቀትር ላይ ደኅና የሚሠራ ከሆነ መስታወቱ የሚንሸራተትበት የጎማ ቦይ ደርቋል ወይም አቧራ ሞልቶታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ሲሊኮን መንፋት ብቻውን ሊያድነው ይችላል። ግሪስና የሞተር ዘይት ግን አይቀባ፤ አቧራ ይሰበስባል፥ ጎማውንም ያበላሻል። መኪናው ሲነሣ መስታወቱ የሚፈጥን ከሆነ ደግሞ የደከመው ባትሪው ነው። ብዙ ጊዜ ሲያወጡትና ሲያወርዱት ቆሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚመለስም አለ፤ በብዙ ሞተሮች ውስጥ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መጠበቂያ ስላለ ነው።

አምስተኛው የባልደረባዬ ጥያቄ ነው። በሩን ቀስ እያላችሁ ስትከፍቱና ስትዘጉ መስታወቱ አንዳንዴ የሚሠራ ከሆነ በማጠፊያው ዘንድ ያለው ሽቦ ተቆርጧል። በቀን ስንት ጊዜ በር እንደሚከፈት ብታስቡ የሽቦው መቆረጥ አይገርማችሁም።

ይህ ሁሉ ከተጠየቀ በኋላ በሩ ይገለጣል። አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ፤ በሩ ውስጥ ኤርባግ ያለበት መኪና ከሆነም ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች መቆየት ያስፈልጋል። የበሩን የውስጥ ልብስ የያዙት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ከመያዣውና ከክንድ ማስደገፊያው ሥር በትንሽ ክዳን ተሸፍነው ይገኛሉ። እነርሱ ሳይፈቱ በጉልበት መሳብ ልብሱን ይሰብረዋል። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ዙሪያውን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ማላቀቂያ ቀስ እያሉ መንቀል ነው።

ከልብሱ ሥር ላስቲክ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥለዋል። ይህ ላስቲክ ግን የዝናብ መከላከያ ነው። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚወርደውን ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ አግዶ በበሩ ሥር ወዳሉት ቀዳዳዎች ይመራዋል። ላስቲኩን ሳትቀዱ ላጡት፤ በኋላም በደንብ መልሳችሁ ለጥፉት። ይህ ካልሆነ በደብረ ማርቆስ ክረምት የመኪናው ምንጣፍ ሲረጥብ ይከርማል። የበሩን ሥር ቀዳዳዎችም በዚያው ጥረጉ፤ በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው ይጠራቀምና ሞተሩንም በሩንም ዝገት ይበላዋል።

አሁን የመጨረሻው ፍርድ ይሰጣል። የባትሪውን ገመድ መልሳችሁ አገናኙ፤ የሞተሩን ሶኬት ነቅላችሁ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል የ12 ቮልት አምፑል አስገቡ፤ ሌላ ሰው ማብሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች ይጫን። በሁለቱም ጊዜ አምፑሉ ደምቆ ከበራ ኤሌክትሪኩ ደርሷልና ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ካልበራ አዲስ ሞተር መግዛት ከንቱ ነው። ሶኬቱ ከሁለት በላይ ሽቦ ያለው እንደሆነ ግን ይህን ሙከራ ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉለት።

ዕቃው ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይበጃል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚልክ ሰው ቢያንስ የዕቃውንና የሶኬቱን ፎቶ በስልክ ይላክ፤ የግራና የቀኝ፥ የፊትና የኋላ ማንሻ ይለያያል። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ሳይከፈልበት በባትሪ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞከር። መንገድ በተዘጋ ሰሞን የተሳሳተ ዕቃን መልሶ መላክ የቱን ያህል እንደሚያስቸግር እናንተው ታውቁታላችሁ።

በመግጠም ጊዜ መስታወቱን ወደ ላይ ገፍታችሁ በበሩ ፍሬም ላይ በጠንካራ ፕላስተር እሰሩት፤ ከዚያም የባትሪውን ገመድ እንደገና ፈትታችሁ መስታወቱን ከማንሻው ጋር የያዙትን ብሎኖች ፍቱ፤ ማንሻውንም በበሩ ቀዳዳ በኩል አውጡ። የመቀስ ዓይነቱ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ስለሆነ ጥርሱ በመያዣ ሳይታሰር ሞተሩ ከተፈታ ክንዱ ተፈናጥሮ ጣት ይቆርጣል። አዲሱ ከገባ በኋላ ልብሱ ሳይዘጋ መስታወቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥቶ አውርዶ ማየት ይገባል። በአንድ ንክኪ እስከ ላይ የሚወጣ መስታወት ያላቸው መኪናዎች ደግሞ ባትሪያቸው ከተፈታ በኋላ መጨረሻቸውን ይረሳሉ፤ በብዙዎቹ ላይ መስታወቱን እስከ ላይ አውጥቶ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ያስታውሳቸዋል።

ሳልናገረው የማላልፈው ሌላ ነገር ሕፃናትን የሚመለከት ነው። ይህች ትንሽ ሞተር የሕፃን አንገት ለማነቅ የሚበቃ ጉልበት አላት። በአሜሪካ ሕፃናት በጉልበታቸው ወይም በእጃቸው ማብሪያውን ተደግፈው በመስታወቱ ተይዘው በመሞታቸው፥ ማብሪያው ወደ ላይ ካልተሳበ መስታወቱ እንዳይወጣ በደንብ ተወስኗል። በእኛ መንገድ የሚሄዱ ብዙ አሮጌ መኪናዎች ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ልጅ በመኪና ውስጥ ሲኖር የመቆለፊያዋ ቁልፍ ትጫን፤ ሾፌሩም ሲወርድ ቁልፉን ነቅሎ ይውረድ።

ያ የግዥ ወረቀት ከጠረጴዛችሁ ላይ በደረሰ ቀን፥ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፊውዙና ማብሪያው ታይተዋል ወይ? ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ዘንድ መድረሱ በምን ተለካ? የወጣው አሮጌ ዕቃስ የት አለ? መልስ ያለው ሰው አይቆጣችሁም፤ መልስ የሌለው ቢቆጣ ግን ፊርማችሁን አቆዩት።

የሳምንት ሰው ይበለን።