ማደብዘዝ ማዋሐድ አይደለም

በምናብ የተፈጠረ አገርን በካርታ መሣል ዛሬ የብዙ ወጣት ሠዓሊያን ሥራ ሆኗል። የልብ ወለድ ደራሲው ለድርሰቱ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጁ ለጨዋታው የሌለ አገር ካርታ ያሠራሉ። ሥራው ከወረቀትና ከቀለም ወደ ኮምፒውተር ከተሸጋገረ ወዲህ መሣሪያው በዝቷል። ተራራው፣ ደኑ፣ በረሓው፣ ረግረጉ ሁሉ በተዘጋጀ ማኅተም ይገኛል፤ ሠዓሊው መርጦ ያትማል። የመሣሪያው መብዛት በመሠረቱ መልካም ነው። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የገባው አስተሳሰብ ግን ሊነቀፍ ይገባዋል።

ይህ አስተሳሰብ ካርታው ሕይወት ባጣ ቁጥር ጉድለቱን በቴክስቸር፣ ማለትም በገጹ ሸካራነትና ልስላሴ ላይ ያላክካል። ስለዚህ የበለጠ ጥርት ያለ የድንጋይ ፎቶግራፍ፣ የበለጠ ጠጕራም የሣር ብሩሽ ይፈለጋል። ደኑና በረሓው የተገናኙበት ዳር እንደ ተቀደደ ወረቀት አፍጥጦ ሲታይ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል። አረንጓዴው ወደ ቢጫው ይደበዝዝና «ተዋሐደ» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዳሩ ተሸፈነ እንጂ አልተዋሐደም፤ ሠዓሊውም ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ በጭጋግ ደበቀው። ጥያቄው «ደኑ ለምን እዚህ ላይ አበቃ?» የሚል ነበር።

በተፈጥሮ ውስጥ ምክንያት የሌለው ዳር የለም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከብርዳማው ደጋ ተነሥቶ፣ ወይና ደጋውን አቋርጦ፣ ቆላ ይገባል። ከጅብራና ከጓሳ ሣር ወደ አስታ፣ ከአስታ ወደ ጽድና ወደ ኮሶ፣ ከዚያም ወደ ወይራ፣ በመጨረሻ ወደ ግራር ይሸጋገራል። ይሁን እንጂ አንዱ ወደ ሌላው እንደ ጢስ አይበተንም። ደኑ የሸለቆውን እርጥበት ተከትሎ እንደ ጣት ወደ ላይ ይዘልቃል፤ ሣሩ ደረቁን ትከሻ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ቀረብ ብለው ሲያዩት አንድ ዛፍ በአንድ ቦታ ላይ ወይ አለ፣ ወይ የለም፤ ግማሽ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ከሩቅ ውሕደት መስሎ የሚታየው የሁለት ወገን ጥርት ያሉ ነገሮች መጠላለፍ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ የሰየመ ሕዝብ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስሞቹ ከፍታን፣ አየርንና አዝመራን በአንድነት ያመለክታሉና።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። አስቀድሞ ከፍታው ይወሰን፤ ከከፍታው ውሃው ይፈስሳል፤ ከውሃውና ከቁልቁለቱ አፈሩና ዕፀዋቱ ይከተላሉ፤ የገጹ ሸካራነት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ለመፈጸም የሚያስችል መንገድ አለው። አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ይደረባል፤ በመካከላቸው ነጩ የሚገልጥ፣ ጥቁሩ የሚሸፍን መሸፈኛ ይገባል። ይህን መሸፈኛ በለስላሳ ብሩሽ የሚያሽ ሰው አመድ ያገኛል። ከካርታው ከፍታና ቁልቁለት ተነሥቶ የሚሠራው ግን ደኑ በሸለቆ እንዲወጣ፣ ዓለቱ በገደሉ ላይ ብቻ እንዲገለጥ ያደርጋል። ዳሩንም በሚደበዝዝ ጥላ ፋንታ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሰብረዋል።

ለዚህ ስብራት ኬን ፐርሊን «ትሮን» በተባለው የ1982 ፊልም ላይ ከሠራ በኋላ የቀመረውና እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ሥርዓት ያለው ዝብርቅርቅ ለሠዓሊያን ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝቶበታል። ይሁንና ይህ ቀመር ብቻውን ዳገቱና ቁልቁለቱ በየት በኩል እንደ ሆነ አያውቅም። በሠዓሊው ዕውቀት ካልተመራ የሚሰጠው የድንገተኛነትን መልክ እንጂ ምክንያትን አይደለም።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «አገሩ የምናብ ነው፤ የምናብ አገር ሕግ የለውም» ይላሉ። አነጋገሩ ነፃነትን የሚያስከብር ይመስላል፤ በተግባር ግን ስንፍናን ያስከብራል። ጄ. አር. አር. ቶልኪን ታሪኩን በካርታ እንደ ጀመረና ትረካውን ከካርታው ጋር እንዳስማማ ራሱ ጽፏል። ዘንዶ የሚበርርበት አገር ሊኖር ይችላል፤ ወንዙ ያለ ምክንያት ሽቅብ የሚፈስስበት ከሆነ ግን አንባቢው ዘንዶውንም አያምንም። ምናብ ተፈጥሮን ሊለውጥ መብት አለው። የሚለውጠውን ማወቅ ደግሞ ግዴታው ነው።

ያላወቁትን አገር በማኅተም መሙላት ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ሊመሰክሩ ይችላሉ። አብርሃም ኦርቴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1573 የቄሱ ዮሐንስ መንግሥት ብሎ የሐበሻን አገር በካርታ አውጥቷል። አገሩ ከምድር ወገብ አልፎ እጅግ ወደ ደቡብ ተዘርግቷል፤ ተራሮቹ የፍልፈል ጉብታ መስለው በየሜዳው ተረጭተዋል። አምባው፣ ገደሉ፣ ሸለቆው ሁሉ አንድ ዓይነት ጉብታ ነው። ዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 የተሻለ ካርታ ለማውጣት የቻለው ኢትዮጵያን ረግጦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ያገኛቸውን አባ ጎርጎርዮስን ጠይቆ፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ጽሑፍም አመሳክሮ ነው። ካርታውን ያሻሻለው ዕውቀት ነበር። ኦርቴሊየስ ባለማወቁ ይቅር ይባላል። ዛሬ አንዱን ተራራ መቶ ጊዜ የሚያትም ሠዓሊ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

የካርታ ጥበብ ታላላቅ ሠራተኞች መንገዱን አስቀድመው ጠርገዋል። የሳክሶኒው መኮንን ዮሐን ጌኦርግ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1799 ቁልቁለትን በጭረት ለማሳየት ሥርዓት አበጀ፤ ቁልቁለቱ በበረታ መጠን ጭረቱ ይወፍራል። ያ ጭረት የዘመኑ ቴክስቸር ነበር፤ እያንዳንዱም ለምን እንዳለ ሊጠየቅና ሊመልስ ይችል ነበር። የስዊዘርላንዱ ኤድዋርድ ኢምሆፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ከፍተኛው ጫፍ ብርሃኑና ጥላው ተለይቶ እንዲጎላ፣ ዝቅተኛው መሬት በአየር ርቀት እንዲለዝብ አስተምሯል። በእርሱ ዘንድ መለዘብ ትርጉም አለው፤ ዝቅታን ይናገራል። ብርሃኑም በልማድ ከላይ በግራ በኩል ይመጣል፤ ይህ ከተገለበጠ ለብዙ ተመልካች ተራራው ሸለቆ፣ ሸለቆው ተራራ መስሎ ይታያል። ከየቦታው የተለቃቀሙ ፎቶግራፎችን የሚለጥፍ ሠዓሊ አንዱን ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ የበራ አድርጎ ዓይንን ያደናግራል። ከዚህም በላይ የአንድ ክንድ ሣር ፎቶግራፍ በመቶ ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ሲነጠፍ አገሩ የጓሮ መደብ ያህል ያንሳል።

ቀለምም እንዲሁ ይዋሻል። ዝቅተኛውን መሬት ሁሉ አረንጓዴ የሚቀባው የቆየ ልማድ የደናክልን ዝቅታ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደውን የጨው ምድር፣ ለምለም መስክ ያስመስለዋል። ከፍታን የሚናገር ቀለምና ዕፀዋትን የሚናገር ቀለም በአንድ ካርታ ላይ ሳይለዩ ሲደባለቁ የገጹ ውበት ሐሰትን ያጅባል።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ገጽ በዝርዝር ይጨናነቅ ማለት አይደለም። የቦታ ስም የማይነበብበት ካርታ የካርታነት ተግባሩን አጥቷል። ጽሑፍ በሚያርፍበት ሥፍራ ገጹ ጸጥ ይበል፤ ሸካራነቱ የሚጎላው አገሩ በሚለወጥበት፣ ገደሉ በሚሰነጠቅበት፣ ደኑ በሚያበቃበት ቦታ ይሁን።

ስለዚህ የሥዕል መምህራን ለተማሪዎቻቸው ብሩሽ ከማደላቸው በፊት ኮረብታ ያስወጧቸው። አንድ ጅረት ከምንጩ እስከ ሜዳው ድረስ በእግር ይከተሉ፤ ሣሩ የት እንደ ቀረ፣ ድንጋዩ የት እንደ ገጠጠ በእርሳስ ያስፍሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለስ ወጣት የትኛው ዳር መሳል፣ የትኛው መለዘብ እንዳለበት የሚያዝዘው ፕሮግራም አያስፈልገውም። ዳሩን አይቶታልና።